ለእጅ ሥራ ጊታር ያልተለመደ ማቴሪያል ስትመርጡ፦ የቱ ለየቱ ክፍል ይሆናል?

ጊታር በእጁ መሥራት የጀመረ ሰው አንድ ሁለቱን ከጨረሰ በኋላ ጥያቄ ይመጣበታል። ሁሌ ስፕሩስና ሮዝዉድ የሚባሉት የተለመዱ የጊታር እንጨቶች ብቻ ናቸው እንዴ? ቀርከሃስ? ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላስ? ካርቦን ፋይበርስ? ጥያቄው ደስ ይለኛል። ችግሩ ብዙዎቻችን ከተሳሳተው ጫፍ መጀመራችን ነው። መጀመሪያ ማቴሪያሉን እንወደዋለን፣ ከዚያ የት እንደምናስገባው እናስባለን። እኔ በተቃራኒው እንድትሄዱ ነው የምመክረው። መጀመሪያ የጊታሩን ክፍል ያዙ፣ ያ ክፍል ምን ሥራ እንዳለበት እወቁ፣ ከዚያ ማቴሪያል ፈልጉለት። ለጀርባ ግሩም የሆነው እንጨት ፊት ላይ ሲገባ ድምፁን ያፍነዋል። ለፊት የሚሆነው ደግሞ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ ቢገባ በክሩ ተፍቆ ያልቃል።

"ፊት" የምለው ቀዳዳው ያለበትን፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ የተለጠፈበትን ስስ ሳንቃ ነው። ይህን ካልኩ ወደ አንድ አሮጌ ጊታር ልውሰዳችሁ።

የዛሬውን የክላሲክ ጊታር መልክ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 አንድ ጊታር ሠራ። ፊቱ ስፕሩስ ነው። ጀርባውና ጎኑ ግን ካርቶን ነው፣ በኮላ የተደራረበ ወረቀት። ይህን ያደረገው ድምፁን በዋናነት የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ።

"እሱ ድሮ ነው" የሚል ካለ፣ በ2018 በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ያወጣውን ጥናት ይመልከት። 6 ጊታሮች ተሠሩ። በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ ነው የሚለያዩት፦ የብራዚል ሮዝዉድ፣ የህንድ ሮዝዉድ፣ ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ ሳፔሌ፣ ዋልነት። 52 ጊታር ተጫዋቾች የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳያዩ ተደርገው ተጫወቱባቸው። የሰጡት ነጥብ በጣም ተቀራራቢ ሆነ። ውዱና ብርቁ የብራዚል ሮዝዉድ ከሌሎቹ ተለይቶ አልወጣም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ቀጥተኛ ነው። ጀርባና ጎን የሙከራ ሜዳችሁ ነው። እዚያ ደፋር ሁኑ። ፊት ላይ ግን ጠንቃቃ ሁኑ፣ ብሪጅ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጀርባው ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፤ ክብደቱና ግትርነቱ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች ላይ ይሰማል። ግን "ሮዝዉድ ካልሆነ ጊታር አይደለም" የሚለው ወሬ ከእንጨቱ ይልቅ ከልማዳችን የመጣ ነው።

ፊት፦ ቀላልና ግትር፣ ሁለቱም በአንድ ላይ

ፊቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ነው ያለበት። በአንድ በኩል የክሩን ጉልበት መሸከም አለበት። መደበኛ ቀጭን የብረት ክር ስድስቱም ሲወጠሩ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ፣ የናይለን ክር ደግሞ ወደ 40 ኪሎ። በሌላ በኩል በአንዲት የጣት ምት መንቀጥቀጥ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገው 3 ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ውፍረት ነው። ስፕሩስ የነገሠው ለዚህ ነው። በሜትር ኪዩብ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ በቃጫው አቅጣጫ ግን ግትርነቱ በጣም ከሚከብዱት እንጨቶች ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ ማንኛውንም እጩ ከስፕሩስ ጋር አስቀምጣችሁ ለኩት። የምጠቀምበት ዘዴ ይኸውላችሁ። ከሁለቱም ርዝመቱ 55 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 5 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ አዘጋጁ። በ50 ሳንቲሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሙት። መሃሉ ላይ 1 ኪሎ አንጠልጥሉ። ጥሩ ስፕሩስ ወደ 9 ሚሊሜትር ገደማ ይጎብጣል። ከዚያ ቁራጩን ሚዛን ላይ አድርጉት፤ 47 ግራም አካባቢ ይሆናል። አሁን ያንኑ በኦክ ሞክሩ። ጉብጠቱ ከስፕሩስ ብዙም አይርቅም፣ ሚዛኑ ግን ከ70 ግራም በላይ ያሳያል። ኦክ ለፊት የማይሆነው ለዚህ ነው እንጂ መጥፎ እንጨት ሆኖ አይደለም። ውፍረቱን ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ግትርነት በውፍረት ኩብ ስለሚሄድ በውፍረት 10 በመቶ ብትስቱ ውጤቱ በ30 በመቶ ገደማ ይዛባል።

በዚህ መለኪያ ስናያቸው እጩዎቹ ይለያያሉ።

ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ለእኔ ከሁሉም ያልተለመዱ ምርጫዎች አንደኛ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወጋግራና የጣራ እንጨት ብዙ ጊዜ ስፕሩስ፣ ፈር ወይም ፓይን ነው፣ ማለትም ከተለመደው የጊታር ፊት ጋር ዘመድ ነው። ለብዙ ዓመታት ደርቋል፣ ከአዲስ እንጨት ይልቅ ተረጋግቷል። ቴይለር ጊታርስ በ1995 ያሳየው የ"ፓሌት ጊታር" ይህን መንገድ የተከተለ ነው። ጀርባውና ጎኑ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ኦክ ነበር፣ ፊቱ ደግሞ ከተራ የግንባታ ጣውላ የተሰነጠቀ። የምስማር ቀዳዳዎቹን አልደበቋቸውም፣ በአሉሚኒየም ደፍነው እንዲታዩ ተዉአቸው። ጊታሩ ጥሩ ድምፅ ነበረው፣ ነጥቡም የሠሪው እጅ ከእንጨቱ ስም እንደሚበልጥ ማሳየት ነበር። ስትመርጡ ጫፉን እዩ። የእድገት ቀለበቶቹ ለሳንቃው ፊት ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ተኝተው ከሆነ ሳንቃው በስፋቱ ለስላሳ ይሆናል፣ በእርጥበትም ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። ጉጥ ያለበትን ለብሪጁ አካባቢ አታስጠጉት። መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ የተደበቀ ምስማር በማግኔት ፈልጉ።

ካርቦን ፋይበር ሌላ ዓለም ነው። በሃዋይ የተጀመረው ሬይንሶንግ ሙሉ ጊታሮችን በእሱ ይሠራል። እርጥበት አያብጠውም፣ ድርቀት አይሰነጥቀውም። ከባድ ማቴሪያል ቢሆንም በጣም ግትር ስለሆነ እጅግ ስስ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ድምፁ ጥርት ያለና ረጅም ነው። አንዳንዱ ጆሮ ይወደዋል፣ አንዳንዱ ቀዝቃዛ ነው ይለዋል፤ እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፣ ግን ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው። ለእጅ ሠሪ ትልቁ እንቅፋት ድምፁ አይደለም። ሻጋታ ያስፈልጋል፣ ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስህተት አይታረምም። እንጨት ሲወፍርባችሁ ፊቱን እያንኳኳችሁ፣ እየሰማችሁ፣ በመላጊያ ትንሽ ትንሽ ትቀንሳላችሁ። ካርቦን ላይ ይህ የለም። ቃጫውን የሚያጣብቀው ሬዚን ከደረቀ በኋላ ያገኛችሁት ያገኛችሁት ነው። የዚህን ሙያ ደስታ ለምትወድ እጅ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

በመሃል ያለው መንገድ እንጨትንና ሰው ሠራሽ ማቴሪያልን ማዋሃድ ነው። ጀርመናዊው ማቲያስ ዳማን በሁለት ስስ የእንጨት ንጣፎች መሃል እንደ ማር እንጀራ ቀፎ ያለ ኖሜክስ የሚባል ቀላል ማቴሪያል ያስገባል። አውስትራሊያዊው ግሬግ ስሞልማን ደግሞ ፊቱን በጣም አሳስቶ ከስር በባልሳና በካርቦን ፋይበር የተሠራ መረብ መሰል ድጋፍ ይለጥፋል። ታዋቂው የክላሲክ ጊታር ተጫዋች ጆን ዊሊያምስ ለብዙ ዓመታት የተጫወተው በስሞልማን ጊታሮች ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ኮንሰርት ላይ ይህ ዋጋ አለው። ካርቦን ፋይበር በእጅ ሥራ ውስጥ ትክክለኛ ቦታው ይህ ይመስለኛል፦ እንጨቱን ለማገዝ እንጂ ለመተካት አይደለም። አራትና አምስት ጊታር ለሠራ ሰው ጥሩ ቀጣይ እርምጃ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አይሆንም።

ቀርከሃ ፊት ላይ? የተጣበቀው የቀርከሃ ሳንቃ ከስፕሩስ በግማሽ ያህል ይከብዳል፣ በላዩ ላይ ስንት መስመር ኮላ አለ። ጀርባ ላይ ተጠቀሙበት።

ጀርባና ጎን፦ እዚህ ተዝናኑ

እዚህ የሚያሳስበን ድምፅ ብቻ አይደለም። ጎኑ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ በጋለ ቧንቧ ላይ የወገቡን ቅርፅ ይዞ መታጠፍ አለበት። ብዙ ቆንጆ እቅድ የሚሰበረው እዚህ ነው፣ ቃል በቃል። ስለዚህ ለጎን የምትመርጡትን ሁሉ መጀመሪያ በአንድ ቁራጭ እጠፉት።

የፓሌት ኦክ፣ የድሮ ጠረጴዛ ዋልነት፣ የፍራፍሬ ዛፍ እንጨት፣ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ጀርባ ይሆናሉ። ዋልነት በተለይ የዋህ እንጨት ነው፤ በደንብ ይታጠፋል፣ በደንብ ይላጋል፣ ኮላ ይቀበላል። ኦክ ትልልቅ ቀዳዳ ስላለው ቫርኒሽ ከመቀባታችሁ በፊት መሙላት ይጠይቃል። በምድጃ የደረቀ እንጨት በአየር ከደረቀው ይልቅ ለመታጠፍ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ የቤት ዕቃ ስታፈርሱ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ጎን አዘጋጁ።

ፓሌት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዓለም አቀፍ ንግድ የሚዞሩ ፓሌቶች ማህተም አላቸው። "ኤችቲ" የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት የታከመ ነው፣ ችግር የለውም። "ኤምቢ" የሚሉት ፊደላት ካሉበት ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ተዉት። ማህተም የሌለው ወይም የሆነ ነገር የፈሰሰበትም እንዲሁ። ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨት ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳትመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት።

ቀርከሃን እወደዋለሁ። በቶሎ ያድጋል፣ መልኩ የራሱ ነው፣ ለጀርባ በቂ ክብደትና ግትርነት አለው። ግን ከወለል ንጣፍ የተረፈ የቀርከሃ ሳንቃ አሳስቼ በጋለ ቧንቧ ላይ ላጥፍ ስሞክር የፋብሪካው ኮላ በሙቀቱ ለቀቀና ሰቅ ሰቁ ተለያየ። ሙሉ ጥንድ ጎን ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ለቀርከሃ ጎን አንድ መንገድ ብቻ ነው የምከተለው፦ ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆኑ ስስ ንጣፎችን በቅርፁ ሻጋታ ላይ ደራርቦ በኤፖክሲ ማጣበቅ። ጊዜ ይወስዳል። ውጤቱ ግን ጠንካራና ቅርፁን የማይለቅ ጎን ነው። ይህ ዘዴ አልታጠፍም ላለ ለማንኛውም እንጨት ይሠራል።

ከእንጨት መውጣት ለሚፈልግ ፋይበርግላስ አለ። የሄሊኮፕተር ሰው የነበረው ቻርልስ ካማን በ1960ዎቹ ኦቬሽን ጊታሮችን ይዞ ሲመጣ ጀርባውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ አድርጎ በፋይበርግላስ ነው የሠራው። ድምፅ አሰራጩ ጥሩ ነው፣ ሲቀመጡ ግን ከጭን ላይ ይንሸራተታል። ለእጅ ሠሪ ከፋይበርግላስ ይልቅ የተልባ ቃጫን እመርጣለሁ። አዎ፣ ተልባ። ከግንዱ የሚወጣው ቃጫ በሬዚን ተነክሮ ሲደርቅ ቀላልና ግትር ቅርፊት ይሆናል። ብላክበርድ የተባለው ድርጅት ከዚህ ዓይነት ማቴሪያል ጊታርና ዩክሌሌ ሠርቷል። እንደ እንጨት ድምፁን ትንሽ ይውጣል፣ ስለዚህ ከካርቦን ይልቅ ለጆሮ ይሞቃል። ሲቆረጥና ሲፈተግም ከመስታወት ቃጫ የሚሻል ነው፣ ማስኩ ግን አይቀርም።

ብረት? በ1927 ጆን ዶፒዬራ ናሽናል ለተባለው ድርጅት የሠራው የብረት ጊታር ድምፁን የሚያወጣው በውስጡ ካሉት የአሉሚኒየም ሾጣጣዎች ነው። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ግን ሌላ መሣሪያ ነው፣ ሌላ መመሪያ ይፈልጋል።

የጣት ሰሌዳና ብሪጅ፦ ይመሳሰላሉ፣ አንድ አይደሉም

ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጥቁር እንጨት መሥራት ልማድ ነው። ያልተለመደ ማቴሪያል ሲመጣ ግን መለየት አለባቸው።

የጣት ሰሌዳ ጠንካራ፣ የማይፈገፍግና የተረጋጋ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ለዞጲ (ለኢቦኒ) ጥሩ ምትክ ሪችላይት ነው። ወረቀት በሬዚን ተነክሮ በሙቀትና በግፊት የተጠቀጠቀ ነው፤ ማርቲን የተባለው የጊታር ድርጅት በብዙ ጊታሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ጥቁር ነው፣ እኩል ነው፣ በድርቀት አይሸበሸብም። ሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት መስመሮች፣ ፍሬቶቹ፣ ጫፋቸው ወጥቶ እጅ አይቧጭርም፣ ምክንያቱም ሰሌዳው አይሸበሸብማ። ዞጲ ከመረጣችሁም ቡናማና ግራጫ መስመር ያለበትን አትናቁ። ፍጹም ጥቁር የሆነው ለዓይን እንጂ ለጆሮ ልዩነት የለውም፣ መስመር ያለውን እየጣሉ ጥቁሩን ብቻ መፈለግ ደግሞ ዛፉን በከንቱ ማስቆረጥ ነው።

ብሪጁ ላይ ግን ሪችላይት አልወድም። ብሪጅ ፊቱ ላይ የተቀመጠ ሸክም ነው፤ የሚጨመረው ግራም ሁሉ ፊቱን ያከብደዋል። የሮዝዉድ ብሪጅ 25 ግራም አካባቢ ነው፣ በተመሳሳይ ልክ ሪችላይት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሌላም አለ። ያ ከ70 ኪሎ በላይ የሆነ ጉተታ ብሪጁን ከፊቱ ለመንቀል ቀን ከሌሊት ይሠራል፣ የሚይዘው ደግሞ ኮላ ነው። ተራ የእንጨት ኮላ ሬዚን ወዳለው ማቴሪያል አይገባም፤ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ ኤፖክሲ መጠቀም ይኖርባችኋል። ዋልነት ወይም ሌላ መካከለኛ ክብደት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት እዚህ ይሻላል።

ለነትና ለሳድል፣ ማለትም ክሮቹ በአንገቱ ጫፍና በብሪጁ ላይ ለሚያርፉባቸው ትንንሽ ዘንጎች፣ ብዙ አልቆይም። አጥንት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ቀንድ ለስላሳ ስለሆነ ክሩ በቶሎ ይቆፍረዋል። ነሐስ ነት ላይ ሲገባ በጣት ያልተያዙትን ክሮች ድምፅ ያበራል፣ የተያዙትን ግን አይነካቸውም፣ ስለዚህ ድምፁ ወጥ አይሆንም። የዝሆን ጥርስን ጨርሶ እርሱት።

ሕጉን ሳታዩ አትግዙ

"አሮጌ የቤት ዕቃ ስለሆነ ችግር የለውም" የሚል አስተሳሰብ ብዙ ሰው አስቸግሯል። የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ሥር ነው። ከፈረሰ ቁምሳጥን ብታወጡትም ወረቀት ከሌለው የሠራችሁት ጊታር በሕጋዊ መንገድ ድንበር አይሻገርም። ሌሎቹ የሮዝዉድ ዘመዶች ደግሞ በ2017 መጀመሪያ ቁጥጥር ውስጥ ገቡ፤ በ2019 መጨረሻ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደረጉ፣ ጥሬው ሳንቃ ግን አልተደረገም። ጊታሩን ለሌላ አገር ሰው ለመሸጥ ወይም ይዛችሁ ለመጓዝ ካሰባችሁ ዋልነት፣ ሜፕል፣ ቀርከሃና የተልባ ቃጫ እንቅልፍ ይሰጧችኋል።

ሲጣመሩ ምን ይሆናል?

አንድ ማቴሪያል ብቻውን ጥሩ ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር ሊጣላ ይችላል። እንጨት በስፋቱ ይተነፍሳል። 40 ሳንቲሜትር የሚሰፋ የስፕሩስ ፊት የውስጥ እርጥበቱ በ4 በመቶ ሲቀንስ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይጠብባል። ካርቦን አይንቀሳቀስም። ሁለቱን በስፋቱ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ከለጠፋችኋቸው አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆማል፣ መሃል ላይ ፊቱ ይሰነጠቃል ወይም ይጎብጣል። ስለዚህ ካርቦኑን በቃጫው ርዝመት አቅጣጫ አድርጉት፣ በርዝመቱ እንጨት የሚንቀሳቀሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። የምትሠሩበት ክፍል የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ ይሁን፣ ከመለጠፋችሁ በፊትም እንጨቱ ለሳምንታት እዚያው ይቀመጥ።

አቧራውን አትናቁት። የሮዝዉድና የዘመዱ የኮኮቦሎ አቧራ ቆዳና ሳንባ ያስቆጣል፣ የካርቦንና የፋይበርግላስ ብናኝም እንዲሁ። የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ። ኤፖክሲን በባዶ እጅ አትንኩ፤ አለርጂው አንዴ ከጀመረ አብሮ ይኖራል፣ ከሙያው ያስወጣቸው ሰዎች አሉ።

አሁን "አንተ ብትሆን ምን ትመርጣለህ?" ብትሉኝ፣ ለመጀመሪያ ያልተለመደ ጊታር ፊቱን ከአሮጌ የጣራ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑን ከዋልነት ወይም ከተደራረበ ቀርከሃ፣ የጣት ሰሌዳውን ከሪችላይት፣ ብሪጁን ከዋልነት፣ ነቱን ከአጥንት አደርገዋለሁ። ፊቱን፣ ድጋፎቹንና ብሪጁን በሙቀት በሚለቅ ኮላ እለጥፋቸዋለሁ፣ ኤፖክሲን ሌላ በማይይዝበት ቦታ ብቻ። ከዚያ በቀዳዳው በኩል በሚታየው ወረቀት ላይ የትኛው ክፍል ከምን እንደተሠራና በምን ኮላ እንደተያዘ እጽፋለሁ። ከ30 ዓመት በኋላ ያን ጊታር ከፍቶ የሚጠግነው ሰው ቢላውን ከማስገባቱ በፊት ያንን ማወቅ አለበት።